በ8 ማካፈል ብቻውን አይበቃም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ዳታ ፍጥነት አሃዶች

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ የአንድ መስመር ፍጥነት በአንዱ ቦታ ሌላ፣ በሌላው ቦታ ሌላ ሆኖ የሚታየው ለምንድን ነው? ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እነሆ።

ጥያቄ፦ የተመዘገብኩበት የኢንተርኔት ጥቅል «100 ሜጋቢት በሰከንድ» ይላል። የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ 94 ገደማ ያሳየኛል። ከቤት ሰርቨሬ ወደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሬ በ100 ሜጋቢት ስዊች ፋይል ስገለብጥ ደግሞ ከ11.2 ሜጋባይት በሰከንድ አያልፍም። 100ን በ8 ሳካፍል 12.5 ይመጣል። የቀረው የት ሄደ?

መልስ፦ የትም አልሄደም፤ መስመርዎ ጤነኛ ነው። ከዚህ በላይ ቢያሳይዎ ነበር የሚገርመን።

በ8 ማካፈልዎ ትክክል ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 100 ሜጋቢት 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ነገር ግን 12.5 የሚመጣው በሽቦው ላይ የሚያልፈው ሁሉ ሲቆጠር ነው። ፋይልዎ ብቻውን አይጓዝም፤ ተቆራርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻና መቆጣጠሪያ ተለጥፎበት ነው የሚሄደው። በኢተርኔት ላይ አንድ ፍሬም (አንዱ ቁራጭ ከነማሸጊያው) ሲላክ ከፊቱ 8 ባይት የማንቂያ ምልክት ይቀድማል፤ 14 ባይት የኢተርኔት ሄደር (ከፊት የሚለጠፍ የአድራሻ መረጃ) ይከተላል፤ መጨረሻው ላይ 4 ባይት የስሕተት ማጣሪያ አለ፤ ከዚያም ቀጣዩ ፍሬም ከመነሳቱ በፊት መስመሩ የ12 ባይት ጊዜ ያህል ዝም ይላል። ድምሩ 38። መሀል ላይ የሚጫነው 1500 ባይት ነው፤ ስለዚህ አንድ ፍሬም ከመስመሩ ላይ የሚወስደው 1538 ባይት ይሆናል። ከ1500ው ውስጥም 20 የአይፒ ሄደር፣ 20 የቲሲፒ ሄደር፣ 12 ደግሞ ብዙ ሲስተሞች የሚጨምሩት የጊዜ ምልክት ነው። ለፋይልዎ የሚተርፈው 1448 ባይት ነው። 1448ን ለ1538 ሲያካፍሉ 0.9415 ያገኛሉ። ከ100 ሜጋቢት የሚደርስዎ 94.15 ነው ማለት ነው፤ የመለኪያው ድረ ገጽ 94 ያለውም ለዚህ ነው።

94.15ን በ8 ያካፍሉት፤ 11.77 ሜጋባይት። ከ11.77 ወደ 11.2 ያወረደው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ «ሜጋባይት» ብሎ የሚጽፈው 1,000,000 ባይትን ሳይሆን 1,048,576 ባይትን ነው። 11.77ን በ1.048576 ሲያካፍሉ 11.22 ይመጣል፤ ያው የእርስዎ ቁጥር።

በዚህ አጋጣሚ 94 የሚለውን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት። የ200 ወይም የ300 ሜጋቢት ጥቅል ከፍሎ መለኪያው 94 ላይ ድርቅ ያለበት ሰው ኢንተርኔቱን ከመክሰሱ በፊት የኔትወርክ ኬብሉን ይይ። 1 ጊጋቢት ኢተርኔት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 4 ጥንድ ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በ2 ጥንድ ይሠራል። አንዷ ሽቦ ጫፏ ላይ ከተበጠሰች ወይም በደንብ ካልተቆነጠጠች፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ መሣሪያዎች ምንም ሳይናገሩ በ100 ይስማማሉ። ሁሉም ነገር ይሠራል፣ 94 ላይ ብቻ ይቆማል።

ይህን ሒሳብ በዋይፋይ ላይ አይሞክሩት። በአየር ላይ መሣሪያዎቹ ተራ ስለሚጠባበቁና ለሚላከው ሁሉ የመድረሻ ማረጋገጫ ስለሚመላለስ፣ ስልክዎ «ተገናኝቷል» ብሎ ከሚያሳየው ፍጥነት ግማሹን ቢያገኙ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ «በኮምፒውተር ዓለም ኪሎ ማለት 1024 ነው» እያለ የመስመር ፍጥነትንም በ1024 ነው የሚያሰላው። እኔ 1000 ነው እላለሁ። የእሱ ማስረጃ ይህ ነው፦ 2 ሜጋ የምንለው የኢ1 (የዲጂታል ስልክ) መስመር 2048 ኪሎቢት ነው፤ 2 ጊዜ 1024። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። የባልደረባዎ ማስረጃ ግን በጣም አሳማኝ ከሚመስሉት አንዱ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው።

2048 የመጣው ከ2 ጊዜ 1024 አይደለም፤ ከ32 ጊዜ 64 ነው። በዲጂታል ስልክ ድምፅ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል፤ 64,000 ቢት በሰከንድ። ኢ1 እንዲህ ያሉ 32 ቻናሎችን በተርታ ይደረድራል። ቁጥር 0 ለማመሳሰያ፣ ቁጥር 16 ብዙ ጊዜ ለጥሪ ምልክት ይውልና 30ው ለድምፅ ይቀራል። ጠቅላላው 2,048,000 ቢት በሰከንድ ነው፤ ኪሎው 1000 ሆኖ። ባልደረባዎ የራሱን ደንብ እስከ መጨረሻው ቢከተል ኖሮ 2,048,000ን በ1,048,576 ማካፈል ነበረበት፤ መልሱም 1.953 እንጂ 2 አይሆንም ነበር። እሱ ግን በ1000 የተቆጠረውን ቁጥር ወስዶ በ1024 አካፈለውና ድፍን 2 ስላገኘ ትክክል መሰለው።

በሰሜን አሜሪካ የተለመደውን ቲ1 ቢያነሱበትም ክርክሩ ያበቃል። 24 ጊዜ 64,000 ሲደመር 8,000 የማመሳሰያ ቢት 1,544,000 ይሆናል። የፋይበር ማስተላለፊያ ደረጃ የሆነው ኤስቲኤም-1ም 270 ዓምድ በ9 ረድፍ፣ እያንዳንዱ ባይት 8 ቢት፣ በሰከንድ 8000 ጊዜ፤ 155,520,000 ቢት። 1024 የሚባል ነገር የትም የለም። በቴሌኮም ኪሎ 1000፣ ሜጋ 1,000,000፣ ጊጋ 1,000,000,000 ነው።

1024 የራሱ ቤት አለው፤ የማስታወሻ ቺፕ። የቺፑ አድራሻ በሁለት እጥፍ ስለሚያድግ መጠኑም እንዲሁ ያድጋል። ሁለቱን ለመለየት ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ1024ዎቹ ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ የሚሉ ስሞችን አወጣ። ሊኑክስ ላይ አልፎ አልፎ ያገኟቸዋል፤ ዊንዶውስ አልተቀበላቸውም፤ ማክ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የፋይል መጠንን በ1000 መቁጠር ጀመረ። ልዩነቱ በኪሎ ደረጃ 2.4% ብቻ ስለሆነ ዱሮ ማንም አይጨነቅበትም ነበር። በሜጋ 4.9%፣ በጊጋ 7.4%፣ በቴራ 10% ገደማ ይደርሳል። ዛሬ ችላ ቢሉት ያስከፍላል።

ከሁሉ የከፋው ሁለቱን በአንድ ቁጥር ውስጥ መቀላቀል ነው። የዱሮው 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዲስክ «ሜጋ»ው 1000 ጊዜ 1024 ነበር፤ የየትኛውም ወገን አይደለም። ዛሬም ቢሆን የመስመር ፍጥነት ለመፈተን የምንጠቀምበት አይፐርፍ የተላለፈውን መጠን በ1024፣ ፍጥነቱን በ1000 ነው የሚያትመው። በጊጋቢት መስመር ላይ 10 ሰከንድ ሲፈትኑ «1.10 ጊጋባይት፣ 941 ሜጋቢት በሰከንድ» ይልዎታል። 1.10ን በ8 አባዝተው በ10 ቢያካፍሉ 880 ሜጋቢት ስለሚመጣ ፕሮግራሙ የተሳሳተ ይመስላል። አልተሳሳተም፤ በአንድ የጽሑፍ መስመር ላይ ሁለት መቁጠሪያ ተጠቅሞ ነው።

ጥያቄ፦ ለፋይበር የገዛነው ኤስኤፍፒ (ስዊቹ ላይ የሚሰካ የፋይበር ሞጁል) ላይ «1.25 ጊጋ» ተጽፎበታል። ስዊቹ ግን 1 ጊጋቢት ብቻ ያሳያል። ሩቡን እንዴት ላውጣው? ቦድ የሚባለውስ ከቢት በምን ይለያል?

መልስ፦ ሩቡን ማውጣት አይቻልም፤ ሥራ ላይ ነው። በፋይበር የሚሄደው 1 ጊጋቢት ኢተርኔት እያንዳንዱን 8 ቢት ወደ 10 ቢት ቀይሮ ይልካል። ይህን የሚያደርገው ተቀባዩ ሰዓቱን ከምልክቱ እንዲያወጣና ብርሃኑ ለረጅም ጊዜ ሳይለዋወጥ እንዳይቆይ ነው። 1 ጊጋቢት ሲባዛ 10 ለ8፣ 1.25። በ10 ጊጋቢት ላይ ወጪው ቀንሷል፤ 64 ቢት ወደ 66 ስለሚቀየር ሞጁሉ ላይ 10.3125 ያነባሉ።

ቦድ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምልክቱ ሊለወጥ እንደሚችል ይቆጥራል፤ ቢት ደግሞ በዚያ ለውጥ ውስጥ ያለውን መረጃ። አንድ ምልክት አንድ ቢት ብቻ ከያዘ ሁለቱ እኩል ናቸው። ባለ 2400 ቢቱ የጥንት የስልክ ሞደም ግን በ600 ቦድ ነበር የሚሠራው፤ አንዱ ምልክት 4 ቢት ስለሚሸከም። 64 ኳም (64 ዓይነት ምልክት ያለው የመላኪያ ዘዴ) የሚጠቀም የሬዲዮ ሊንክ በአንድ ምልክት 6 ቢት፣ 256 ኳም 8 ቢት ያደርሳል። ከቦድ ወደ ቢት የሚወስድዎ በአንድ ምልክት የሚጫነው ቢት ብዛት ነው፤ እሱን ሳያውቁ መቀየር አይቻልም።

በሲሪያል ፖርት ላይ 9600 ተጽፎ ሲያዩ በ8 እንዳያካፍሉ። በተለመደው አቀማመጥ አንድ ባይት ሲላክ አንድ መነሻ ቢትና አንድ መቆሚያ ቢት ይጨመርበታል፤ 10 ቢት። ስለዚህ በሰከንድ 960 ባይት ነው፣ 1200 አይደለም።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 50 ጊጋባይት የሚለውን የመጠባበቂያ ፋይል ወደ ሩቅ ሰርቨር እልካለሁ። የመላኪያ ፍጥነቴ 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ብጀምረው ጠዋት ያልቃል?

መልስ፦ ያልቃል፤ ግን ሌሊቱን ይፈልጋል። 50,000ን በ20 አካፍሎ «2500 ሰከንድ፣ 42 ደቂቃ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ባይትን በቢት ማካፈል ይሉታል ይህን። ሒሳቡ በቅደም ተከተል ሲሠራ እንዲህ ነው፦

50 ሲባዛ 1,073,741,824 እኩል ይሆናል 53,687,091,200 ባይት፤
ሲባዛ 8፣ 429,496,729,600 ቢት፤
ሲካፈል 20,000,000፣ 21,475 ሰከንድ፤ 6 ሰዓት ሊሞላ 2 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው፤
ለሄደሮቹ በ0.94 ሲካፈል 22,846 ሰከንድ፤ 6 ሰዓት ከ21 ደቂቃ።

በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር) የሚልኩ ከሆነ በየፓኬቱ ተጨማሪ ሄደር ስላለ፣ በ0.94 ፈንታ 0.9 ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ይያዙ። 20ው የመላኪያ መሆኑንም ደግመው ያረጋግጡ፤ ጥቅሎች በደማቁ የሚጽፉት የማውረጃውን ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ግምት ወረቀት የማይፈልግ ቁጥር አለ። 1 ሜጋቢት በሰከንድ ሳያቋርጥ ቢፈስ በሰዓት 450 ሜጋባይት፣ በቀን 10.8 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን 324 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በ20 ሜጋቢት በሰዓት 9 ጊጋባይት ማለት ነው፤ 53.7ን ለ9 ያካፍሉ፣ 6 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት። ወርኃዊ የዳታ ገደብ ያለበትን መስመር ለመመዘንም ይጠቅማል። 324 ጊጋባይት ገደብ ያለው 100 ሜጋቢት መስመር በሙሉ ፍጥነት ከተጠቀሙበት በ7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የ1 ጊጋቢት ሊንካችንን በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎችን ከሩቅ መከታተያ ደንብ) በየ5 ደቂቃው እየለካን ግራፍ እናወጣለን። ግራፉ 114 ሜጋቢት አካባቢ ሲደርስ ወደ ታች ይወድቃል እንጂ አንድም ቀን ከዚያ አልፎ አያውቅም። ተጠቃሚዎች ግን መስመሩ ተጨናነቀ ይላሉ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ተጠቃሚዎቹን። የጻፉልን ቁጥር ራሱ በሽታውን ይናገራል።

ራውተሩ ፍጥነት አያውቅም፤ ያለፈውን ባይት ብቻ ይቆጥራል። የመከታተያ ፕሮግራምዎ የአሁኑን ቁጥር ከበፊቱ ቀንሶ፣ በ8 አባዝቶ፣ ባለፈው ሰከንድ ያካፍላል። አሮጌው ቆጣሪ ባለ 32 ቢት ስለሆነ 4,294,967,296 ላይ ሲደርስ ከ0 ይጀምራል። በ300 ሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ከዞረ ፕሮግራሙ ያስተካክለዋል፤ ሁለት ጊዜ ካለፈበት ግን አያውቅም። 4,294,967,296 ሲባዛ 8 ሲካፈል 300፣ 114.5 ሜጋቢት በሰከንድ። ከዚያ በላይ ያለው ፍጥነት በሙሉ ተቀንሶለት ነው የሚታየው፤ 500 ሜጋቢት ሲፈስ ግራፉ 42 ገደማ ሊያሳይ ይችላል። በሙሉ 1 ጊጋቢት ቆጣሪው በየ34 ሰከንዱ ነው የሚዞረው።

መድኃኒቱ ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ መጠየቅ ነው፤ በስሙ ውስጥ «ኤችሲ» የሚል ያለበትን። የኤስኤንኤምፒ ሥሪት 1 ይህን ቆጣሪ መሸከም ስለማይችል ወደ 2ሲ ወይም ወደ 3 ማሳደግ አለብዎት። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ይችላል፣ የመከታተያ ፕሮግራሙ ላይ የተመረጠው ሥሪት ነው የሚያግደው።

ከተስተካከለ በኋላም ሁለት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ የ5 ደቂቃ አማካይ ጫፎችን ይበላል፤ ሊንኩ 30 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ 270 ሰከንድ ቢያርፍ ግራፉ 100 ሜጋቢት ነው የሚለው። ሁለተኛ፣ ቆጣሪው ከፍሬሙ ውጪ ያለውን 8 ባይት የማንቂያ ምልክትና የ12 ባይት ክፍተት አይቆጥርም። በትላልቅ ፍሬሞች ይህ አይሰማም፤ 1518 ለ1538፣ 98.7%። ባለ 64 ባይት ትንንሽ ፍሬሞች መስመሩን ሲሞሉት ግን 64 ለ84 ነው፤ 76.2%። ግራፉ 762 ሜጋቢት እያሳየ ሊንኩ አንዲት ፍሬም የሚጨምርበት ቦታ የለውም፤ በሰከንድ 1,488,095 ፍሬም እያለፈበት ነው። ከቢቱ ግራፍ ጎን የፓኬት ብዛት ግራፍ አብሮ ቢኖር ይህ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ ሁለት ቢሮ በ2 ሜጋቢት የኢተርኔት መስመር አገናኝተናል። የስልክ ድምፅ 64 ኪሎቢት ስለሆነ 31 ጥሪ ይችላል ብለን ነበር። ከ22 በላይ ሲሆን ድምፁ ይቆራረጣል።

መልስ፦ 64 ድምፁ ብቻ ነው። በ20 ሚሊሰከንድ አንድ ፓኬት ሲላክ 160 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ 40 ባይት የአይፒ፣ የዩዲፒና የአርቲፒ (ድምፁን በኔትወርክ የሚያጓጉዙ ደንቦች) ሄደር፣ 18 ባይት ኢተርኔት ይጨመርበታል። 218 ባይት፣ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ሲባዛ 8፤ 87.2 ኪሎቢት። 2000 ለ87.2፣ 22 ጥሪ። መስመር ሰጪው የማንቂያ ምልክቱንና ፍሬሞቹ መሀል ያለውንም ክፍተት ከቆጠረ 95.2 ይሆንና 21 ይቀራል። ጥሪ ወደሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል ተብሎ በ2 ማባዛት አያስፈልግም፤ መስመሩ 2 ሜጋቢት የሚሰጠው ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻው ከሆነ። በአንድ ሞገድ ተራ በተራ በሚላክበት ሬዲዮ ላይ ከሆነ ግን ያባዙ።

ፓኬቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ ማርዘም ጥሪውን ወደ 75.6 ኪሎቢት ያወርደዋል፤ 26 ጥሪ። ዋጋው ተጨማሪ መዘግየት ነው፣ አንድ ፓኬት ሲጠፋም ጉድለቱ ጆሮ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ጂ729 የሚባለው ማመቂያ 8 ኪሎቢት ነው ቢባልም ያው ሄደር ስለሚጫንበት 31.2 ይደርሳል፤ 64 ጥሪ ማለት ነው፣ 250 አይደለም። እኛ ብንሆን በ22 ጥሪ ላይ ጣሪያ አናደርግም፤ ለሌላ ትራፊክ ትንፋሽ ትተን 18 ላይ እንወስን ነበር።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ራውተር ላይ በቲሲ (የትራፊክ መቆጣጠሪያ) ትእዛዝ አንድ ደንበኛ በ10 ሜጋቢት እንዲገደብ «10 ኤምቢፒኤስ» ብዬ ጻፍኩ። ደንበኛው 80 ያገኛል።

መልስ፦ ቲሲ «ኤምቢፒኤስ»ን ሜጋባይት በሰከንድ ብሎ ነው የሚያነበው። ሜጋቢት ሲፈልጉ «ኤምቢት» ብለው ይጻፉ። በሌላው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ስሞል ሌተሩ ቢ ቢት፣ ካፒታሉ ቢ ባይት ነው፤ እዚህ ፕሮግራም ላይ ግን በፊደሉ አይተማመኑ። ካስተካከሉ በኋላ በአይፐርፍ ይፈትኑት፤ ከ9.4 እስከ 9.6 ሜጋቢት ካሳየ ገደቡ በትክክል ገብቷል።